አሥር ሆነን ተቋቁመን፣ አሥራ አንድ ሆነን ለምን ተሸነፍን?
የዋልያዎቹ ጥንካሬና የመከላከል ስህተት በፊዚክስ ዓይን

ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. አርብ ምሽት ዱርቤቴ ነበርኩ። ትምህርቴን በውጭ አገር ጨርሼ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ዘመድ ልጠይቅ ከባሕር ዳር በመራዊ አድርጎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ሄጄ፣ ምሽቱን የከተማዋ ወጣቶች ኳስ በሚያዩበት አንድ ቤት፣ በተማሪዎች መሐል አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቄ አሳለፍኩ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከተማ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ትጫወት ነበር። አሌን ትራኦሬ በመጀመሪያው አጋማሽ ባስቆጠረው ግብ 1ለ0 እየተመራን ሳለ፣ ከዕረፍት መልስ የቡርኪናው ግብ ጠባቂ አብዱላዬ ሱላማ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ በመንካቱ በቀይ ካርድ ወጣ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እኔም የፊዚክስ መምህርነቴን ተማምኜ አጠገቤ ለተቀመጠው ተማሪ «አሥራ አንድ ለአሥር ነው፤ ከዚህ በኋላ ጨዋታው የእኛ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የተቆጠሩት ሦስት ግቦች በሙሉ የቡርኪና ነበሩ። ትራኦሬ ደገመ፤ ጃካሪጃ ኮኔ ሦስተኛውን አከለ፤ በባከነው ሰዓት ጆናታን ፒትሮይፓ አራተኛውን አስቆጠረና ጨዋታው 4ለ0 ተጠናቀቀ።

ነገሩን እንቆቅልሽ የሚያደርገው ከአራት ቀናት በፊት የታየው ነው። ጥር 13 ቀን በዚያው ከተማ፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ ዕረፍት ሊወጡ ሲሉም ኮሊንስ ምቤሱማ ግብ አስቆጥሯል። ይህ ሁሉ ደርሶበት በአሥር ሰው የቀረው ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ አንድም ግብ አላስተናገደም፤ ይልቁንም በአዳነ ግርማ ግብ 1ለ1 ወጣ። እንግዲህ ያው ቡድን በአሥር ሰው ሻምፒዮኑን ሲቋቋም፣ በአሥራ አንድ ሰው ከአሥር ሰዎች ጋር ገጥሞ ሦስት ግብ ተቆጠረበት። ለመሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

በዚያ ምሽት በቤቱ ውስጥ የተሰጡት መልሶች አንባቢ ሳይሰማቸው አይቀርም። ገሚሱ አቅም የለንም አለ፤ ገሚሱ ቁመታችንን አማረረ፤ የሚበዛው ደግሞ ግብ በተቆጠረ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ከአጥቂው ኋላ ሲሮጥ የታየውን ተከላካይ ረገመ። እኔ «የእኛ ነው» ያልኩት ተማሪ ግን ዝም ብሎ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ቡድን በተከላካይነት ይጫወታል። ሲወጣ አብሬው ስሄድ፣ ከዚህ በኋላ እንደማይጫወት ነገረኝ፤ ባለፈው ጨዋታ በእርሱ ምክንያት እንደተሸነፉ ሁሉም ይናገራሉ። «መምህር፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታየው እኔ ነኝ» አለኝ። ይህ ጽሑፍ የመነጨው ከዚህ ንግግር ነው።

ጥንካሬው

ስለ ስህተት ከማውራታችን በፊት ያ ቡድን ለምን እዚያ እንደደረሰ መረዳት ይገባል። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ይመሩት የነበረው ቡድን የሚታወቀው በአጭር ቅብብል ነው። አጭር ቅብብል የውበት ጉዳይ ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ጽኑ ፊዚካዊ መሠረት አለው። ኳስ በሴኮንድ 10 ሜትር ፍጥነት 8 ሜትር ወደ ራቀ ጓደኛ ብትላክ፣ የምትደርሰው በ0.8 ሴኮንድ ነው። ተጋጣሚው ኳሷ መመታቷን አይቶ እግሩን እስኪያነሣ ድረስ ቢያንስ 0.3 ሴኮንድ ያልፋል። የሚቀረው ግማሽ ሴኮንድ ነው። አንድ ሯጭ ከቆመበት ሲነሣ ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በ4 ሜትር በሴኮንድ ይጨምራል ብንል (በትምህርት ቤት አክስለሬሽን የምንለው ይህ ነው)፣ በዚያች ግማሽ ሴኮንድ ውስጥ የሚሄደው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ተጋጣሚ፣ ግዙፍም ይሁን ፈጣን፣ ኳሷን አይደርስባትም ማለት ነው። በጉልበት የሚበልጥህን ሰው በጊዜ መቅደም ይሏል ይህ ነው።

ዳሩ ግን አጭር ቅብብል እንዲሳካ ኳስ የያዘው ተጫዋች በግራም በቀኝም በፊትም የሚቀበለው ሊኖር ይገባል። የመስመር ተከላካዮች ወደፊት ይሄዳሉ፤ አማካዮች ከአጥቂው ሥር ይሰበሰባሉ፤ ኳሷ እስካለች ድረስ ሁሉም መልካም ነው። ኳሷ በጠፋች ቅጽበት ግን ጥንካሬ የነበረው አቋቋም ያው ራሱ ስህተት ሆኖ ይገኛል። የዚህ ምልክት ከደቡብ አፍሪካው ውድድር በፊትም ታይቶ ነበር፤ በማጣሪያው ካርቱም ላይ ሱዳን መረብ ውስጥ ሦስት ግብ ያስገባው ቡድን፣ በዚያው 90 ደቂቃ አምስት ተቆጥሮበት ነው የተመለሰው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2ለ0 አሸንፎ ያለፈውም፣ ድምሩ 5ለ5 ሆኖ፣ ከሜዳው ውጪ ባገባቸው በእነዚያው ሦስት ግቦች ብልጫ ነው።

የሰው ቁጥርና የሜዳ ስፋት

ወደ እንቆቅልሹ እንመለስ። እኔ በዚያ ምሽት የተሳሳትኩት ሰው በመቁጠሬ ነው። ሊቆጠር የሚገባው ግን ለአንድ ሰው የሚደርሰው መሬት ነበር።

አንድ ቡድን ግብ ጠባቂውን ሳይጨምር በአሥር ተጫዋቾች 60 ሜትር በ60 ሜትር የሆነ ቦታ ላይ ቢዘረጋ፣ የሚሸፍነው 3600 ካሬ ሜትር ነው፤ ለአንዱ 360 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። አንድ ሰው የጎደለበት ቡድን ደግሞ በዘጠኝ ተጫዋቾች 30 ሜትር በ40 ሜትር ውስጥ ቢሰበሰብ፣ 1200 ካሬ ሜትር ለዘጠኝ ሲካፈል ለአንዱ 133 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የመረጥኳቸው እንጂ ከጨዋታው የተለኩ አይደሉም። ቢሆንም ነገሩን ያሳያሉ፤ ዘጠኙ ሰዎች ከአሥሩ ይልቅ በሁለት እጥፍ ተኩል ያህል የተጠጋጉ ናቸው።

የስፋቱን ስኩዌር ሩት ብንወስድ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለውን ርቀት በግምት እናገኛለን፤ በተዘረጋው ቡድን 19 ሜትር፣ በተሰበሰበው 11.5 ሜትር ነው። ኳሷ ከሁለቱ እኩል ርቃ ብትወድቅ፣ በአንደኛው 9.5 ሜትር በሁለተኛው 5.75 ሜትር መሮጥ ያስፈልጋል። ለማሰቢያ 0.4 ሴኮንድ ሰጥተን፣ የሯጩን ከፍተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 8 ሜትር ወስደን ብናሰላ፣ የመጀመሪያው 2.6 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው 2.1 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ልዩነቱ ግማሽ ሴኮንድ ነው።

ግማሽ ሴኮንድ ምን ያህል ዋጋ አለው? ግቡ 7.32 ሜትር ስፋት አለው። በ20 ሜትር ርቀት ከፊት ለፊቱ የቆመ አጥቂ ግቡን የሚያየው በ21 ዲግሪ ገደማ አንግል ነው። ተከላካዩ እግሩን ከፍቶ አንድ ሜትር ስፋት ቢሸፍንና ከአጥቂው በ2 ሜትር ርቀት ላይ ቢቆም 28 ዲግሪ ይጋርዳል፤ ስለዚህ መሬት ለመሬት የሚመታ ኳስ ማለፊያ የለውም። በ5 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ግን የሚጋርደው ከ11 ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው፤ የግቡ ግማሽ ያህል ክፍት ቀረ። ሦስት ሜትር የግቡን ግማሽ ይከፍታል። አሁን ወደ ኋላ ተመልከቱ፤ በሩጫ ላይ ያለ ሰው ሦስት ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት ጊዜ ያው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ነው!

እንደ እኔ ግምት በኔልስፕሩት የሆነው ይህ ነው። ከዛምቢያ ጋር በአሥር ሰው ስንቀር አቋቋማችን በግድ ጠበበ፤ ተጋጣሚው በአሥር ሰው ሲቀር ግን፣ 1ለ0 እየተመራንም ስለነበር፣ ሁሉም ወደፊት ሄደ፤ መስኩ ሰፋ። ቀይ ካርዱ ያመጣልንን አንድ ሰው ራሳችን በስፋት አባከንነው። በጎደለ ሰው መከላከልን የመረጠው ቡርኪናም ኳስ ባገኘ ቁጥር ከፊቱ ባዶ ሜዳ ይጠብቀው ነበር።

በዱርቤቴ ሜዳ

በማግስቱ ቅዳሜ ተማሪውንና ጥቂት ጓደኞቹን ሜዳ ላይ አገኘኋቸው። ገመድ ዘርግተን 20 ሜትር ለካን። ከመካከላቸው በሩጫ የታወቀውን ልጅ መረጥንና ወደ ግብ ሳይሆን በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲሮጥ፣ እኔ ሳጨበጭብ ዞሮ ወደ ግቡ መስመር እንዲመለስ ነገርነው። «ዘገምተኛ» የተባለው ተከላካይ ደግሞ ከግቡ በዚያው ርቀት፣ ፊቱን ወደ ግቡ አዙሮ ቆሞ ጭብጨባውን ይጠብቃል። ደጋግመን ሞከርነው፤ ፈጣኑ ልጅ አንድም ጊዜ አልቀደመም። አንደኛው ልጅ «ይሄማ ማታለል ነው» ብሎ ቢያስቀንም፣ ማታለሉ የኒውተን እንጂ የእኔ አልነበረም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በሴኮንድ 6 ሜትር ወደፊት እየሮጠ ያለ የመስመር ተከላካይ ኳስ ሲጠፋ፣ ለማሰብ በሚፈጅበት 0.4 ሴኮንድ ውስጥ 2.4 ሜትር ወደፊት ይቀጥላል። ለመቆም 1.5 ሴኮንድ ይፈልጋል፤ በዚያም ውስጥ 4.5 ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ የሚመለሰው 20 ሜትር ሳይሆን 26.9 ሜትር ነው፤ ይህም 4.36 ሴኮንድ ይፈጃል። ድምሩ 6.26 ሴኮንድ። ፊቱን አዙሮ ቆሞ የነበረው ግን ማሰቢያውን ጨምሮ በ3.9 ሴኮንድ ይደርሳል። በልዩነቱ፣ ማለትም በ2.36 ሴኮንድ ውስጥ፣ በሙሉ ፍጥነት የሚመጣ አጥቂ 19 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 19 ሜትር ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጥልቀት፣ ከ16.5 ሜትር፣ ይበልጣል።

ታዲያ በስክሪኑ ላይ ከአጥቂው ኋላ ሲሮጥ የሚታየው ተከላካይ ምን አጠፋ? ካሜራው የሚያሳየን የስድስት ሴኮንዱን መጨረሻ ነው። መጀመሪያው ላይ፣ ኳሷ በጠፋችበት ቦታ፣ ባላንጣውን ወዲያው ያልተጠጋው አማካይና ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደፊት የሄዱት የመስመር ተከላካዮች ከምስሉ ወጥተዋል። ስለ ቁመት የተባለውም ቢሆን በማዕዘን ምት ጊዜ እውነትነት አለው፤ ሁለት ሜትር የሚሆን ተከላካይ እንኳ ቢሆን ግን 19 ሜትር ዘግይቶ ከመድረስ አይድንም።

ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ደግሞ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ማሳለፍ ወይ መጣል። ጥር 21 ቀን ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ 0ለ0 ተቋቁመን ነበር። ከዚያ በኋላ ቪክተር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች አስቆጠረብን፤ በሁለተኛው ላይ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ቅያሪ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጠለቀ። ሁለቱ ግቦች የመጡት ሰውነት በደከመበት፣ ማሰቢያዋ 0.4 ሴኮንድ በረዘመችበት ሰዓት ነው። ለፍትሕ ያህል ግን አንድ ነገር ይነገር፤ በዚያ ምድብ የገጠምናቸው የዋንጫው ባለቤት፣ የዚያው ዓመት የፍጻሜ ተፋላሚ የሆነችው ቡርኪናና ዋንጫውን የወሰደችው ናይጄሪያ ነበሩ።

ነገሩ በ2005 ዓ.ም. አላበቃም። እዚሁ ባሕር ዳር ስታዲየም መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን 4ለ0 ያሸነፈው ብሔራዊ ቡድን፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚያው ሣር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3ለ1 ተሸንፏል። ጌታነህ ከበደ አቻ ካደረገን በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነበር ሁለተኛው ግብ የተቆጠረብን። ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይም ዳዋ ሆቴሳ ገና በ4ኛው ደቂቃ ካሜሩንን ቢመራም፣ በ8ኛው አቻ ሆንን፤ መጨረሻው 4ለ1። ግብ ያገባ ቡድን ለተወሰኑ ደቂቃዎች ወደፊት ይሳባል፤ ያ ስፋት እስኪጠብ ድረስ ያለው ጊዜ አደገኛ ነው። ይህን ግን ከሁለት ጨዋታ ሕግ ላወጣለት አልደፍርም፤ ፊዚክስ የሚያስተምረን ብዙ ጊዜ መለካትን ነውና።

ስታዲየም የመግባት ዕድል ያላችሁ ተማሪዎች ከፍ ካለው መቀመጫ ሆናችሁ፣ ለአሥር ደቂቃ ኳሷን አትመልከቱ። ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለውን ርቀት በሜዳው መስመሮች ገምቱ፤ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጥልቀት 16.5 ሜትር፣ የመሐል ክቡ ራዲየስ 9.15 ሜትር ስለሆነ ጥሩ መለኪያ ይሆኑላችኋል። ቡድኑ ኳስ ሲኖረውና ሲያጣ ርቀቱ በስንት ሴኮንድ እንደሚቀያየር መዝግቡ።

በዱርቤቴ ሜዳ ያ ተከላካይ ያቀረበልኝን ጥያቄ ደግሞ ለአንባብያን እተዋለሁ፤ እርሱ መልሱን በጭቃ ላይ በእንጨት ጽፎ አሳይቶኛል። ከላይ ባለው ስሌት የመስመር ተከላካዩ ወደፊት የሚሮጥበት ፍጥነት በሴኮንድ ከ6 ሜትር ወደ 3 ሜትር ቢቀንስ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ወደ ቦታው ለመመለስ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል? አጥቂውስ በዚህ ምክንያት ስንት ሜትር ያጣል?