ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፤ ሲነክስ አትዘግዩ



የዛሬው ትምህርት በማለዳ ቤተክርስቲያን ለምትሄዱ፣ ሩጫ ለምትወጡና ልጆቻችሁን በእግር ትምህርት ቤት ለምትልኩ ሁሉ ነው። አደገኛ እንስሳ ሲባል ጅብና እባብ ቶሎ ይታወሱናል፤ በየቀኑ መንገድ ላይ የምናገኘው ግን ውሻ ነው። በሰው ላይ ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ ወይም ሬቢስ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣውም ከውሻ ነው።

ውሻው ከተጠጋችሁ፦

1. አትሩጡ። ሩጫ ያባብሰዋል፤ ደግሞም አትቀድሙትም።
2. እጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጸጥ ብላችሁ ቁሙ። ዓይን ዓይኑን አትዩት። ጀርባ ሳትሰጡት ቀስ እያላችሁ ራቁ።
3. ድንጋይ ለማንሳት መጎንበስ ልማዳችን ነው፤ አንዳንዱ ውሻም ይሸሻል። በጣም ከቀረባችሁ ግን አትጎንበሱ፤ ፊታችሁን ለጥርሱ ማቅረብ ነው።
4. ሊነክስ ከመጣ ቦርሳ፣ ጃንጥላ፣ ጃኬት ወይም ነጠላ በመሃል አስገቡ። ጨርቁን ይንከስ!
5. ከወደቃችሁ ተጠቅልላችሁ አንገታችሁንና ጆሯችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ።

ከነከሳችሁስ?

መጀመሪያ ውሃና ሳሙና! ቁስሉን በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡት። «ይሄ እኮ ብዙ ነው» ካላችሁ ሰዓት ያዙ። ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ነው የሚጓዘው፤ ጉዞውን ሳይጀምር ነው ማጠብ ያለብን። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ በርበሬ ምናምን አትነስንሱበት።

ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም። እኔ በሥራዬ ብዙ ጊዜ የምሰማው «ዶክተር፣ ጭረት ብቻ ነው፣ ደም እንኳን አልወጣም» የሚል ነው። ጭረትም ቢሆን መታየት አለበት። ውሻ የተላጠ ቆዳን ወይም አፍን ከላሰም እንደዚያው።

«ሆዴ ላይ ሊወጉኝ ነው» ብላችሁ አትፍሩ፤ እሱ የድሮው አሰጣጥ ነው። የአሁኑ ክትባት ለአዋቂ ክንድ ላይ፣ ለሕፃን ጭን ላይ ነው የሚሰጠው። እንደ ቁስሉ ሁኔታ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒትም አለ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት ስለሚሰጥ ቀጠሮ አታቋርጡ። ጸበል የምትሄዱ ከሆነ ሂዱ፤ ክትባቱን ግን አትተዉ። አዲስ ነገርም አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለው ፓስተር ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከሰጠው ከሉዊ ፓስተር ነው።

ውሻው የሚታወቅ ከሆነ አትግደሉት፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። እናንተ ግን ውጤቱን ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ።

«ቁስሉ እኮ ድኗል» የሚለውም ያታልላል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ትኩሳት፣ የተነከሰው ቦታ መጠዝጠዝ፣ ከዚያም ውሃ መፍራት። ያኔ እኛ ሐኪሞች ሥቃይ ከማስታገስ በቀር የምናደርገው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቀናት ካለፉም፣ ሳምንታት ካለፉም ምልክት ሳይጀምር ኑ።

በመጨረሻ ለወላጆች። በብዛት የሚጎዱት ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ «ለምን ነካካኸው?» ተብሎ እንዳይመታ ንክሻውን ይደብቃል። የምትበላ ወይም ቡችሎች ያሏት ውሻ ጋ እንዳይጠጉ አስተምሯቸው። ከሁሉም በላይ ግን ዛሬ ማታ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ እንዲህ በሉት፦ «ውሻ ቢነክስህ አልቆጣህም፤ ወዲያው ንገረኝ።»

ይህን ለሌሎችም ሼር አድርጉ።