የአልትራቫዮሌት ጨረር በሕሙማን መኝታ ክፍል፡ ጥቅሙ፣ ወሰኑና ጥንቃቄው

አንድ ሕመምተኛ ድኖ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ የተኛበት አልጋ ብዙ ሳይቆይ በሌላ ሕመምተኛ ይያዛል። የመጀመሪያው ሰው ተላላፊ በሽታ ከነበረበት፣ ተህዋሲያኑ በአልጋው ብረት፣ በኮመዲኖውና በበሩ እጀታ ላይ ለሰዓታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ በሁለቱ ሕሙማን መካከል የሚከናወነው ጽዳት የሕክምናው አካል ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረር ይህን ጽዳት ከሚያግዙ መንገዶች አንዱ ነው።

ጨረሩ እንዴት ይሠራል?

አልትራቫዮሌት በዓይን የማይታይ ጨረር ሲሆን «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ለሆስፒታል የሚውለው «ሲ» የተባለው ነው፤ የተለመዱት የሜርኩሪ አምፖሎች በአብዛኛው 254 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ጨረር ያመነጫሉ። ይህ ጨረር ኮሮና ቫይረስን ጨምሮ የተህዋሲያንን ዘረመል ስለሚጎዳ መራባት ይሳናቸዋል። ከፀሐይ የሚነሣው የዚህ ዓይነት ጨረር በኦዞን ንጣፍ ታግዶ ስለሚቀር ምድር አይደርስም። በመሆኑም ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት መልካም ልማድ ቢሆንም የመሣሪያውን ሥራ አይተካም።

ጨረሩ ጽዳትን ይተካልን?

አይተካም። ጨረሩ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ የአልጋውን ሥርና የተዘጋ መሳቢያን አያገኝም። ደም፣ አክታ ወይም አቧራ የሸፈነው ተህዋስ ይከለላል። ርቀት ሲጨምርም የጨረሩ ኃይል በፍጥነት ይቀንሳል።

በአሜሪካ በ9 ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2017 እ.ኤ.አ. በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ጥቅሙንም ወሰኑንም ያሳያል። በተለመደው ኬሚካል በጸዱ ክፍሎች ላይ ጨረር ሲጨመር፣ ቀጥለው የተኙ ሕሙማን በጥናቱ በተካተቱት ተህዋሲያን የመያዛቸው መጠን በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ብርቱ ተቅማጥ በሚያስከትለው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ላይ ግን፣ በበረኪና በጸዳ ክፍል ጨረር መጨመሩ የተለየ ለውጥ አላመጣም። ይህም በረኪና በአግባቡ ከተሠራበት ምን ያህል ብርቱ መሣሪያ እንደሆነ ያስገነዝባል።

የአጠቃቀም ቅደም ተከተል

1. ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ አንሶላና ቆሻሻ ይወገዳል።
2. አልጋውና ዕቃዎቹ በውኃና በሳሙና ይታጠባሉ፤ ቀጥሎም እንደ በረኪና ባለ ፀረ ተህዋሲያን ይወለወላሉ።
3. መሳቢያዎች ይከፈታሉ፤ ዕቃዎች ከግድግዳ ይርቃሉ።
4. በክፍሉ ማንም ሰው አለመኖሩ ይረጋገጣል፤ በሩ ተዘግቶ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይደረግበታል።
5. መሣሪያው በአምራቹ መመሪያ በተወሰነው ጊዜ ልክ ይሠራል፤ ጥላ እንዳይቀርም እንደ አስፈላጊነቱ ቦታው ይቀያየራል።

ለአስታማሚዎች፣ ለጠያቂዎችና ለቤተሰብ

ጨረሩ ቆዳን ያቃጥላል፤ የዓይንን ብሌን ይጎዳል። ሕመሙ ወዲያውኑ ላይሰማና ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል፣ ተጎጂው በጊዜው ላያስተውለው ይችላል። ስለሆነም ምልክት የተደረገበትን በር መክፈት ፈጽሞ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. የአልትራቫዮሌት መብራት እጅንም ሆነ ሌላ የሰውነት ክፍልን ለማጽዳት እንዳይውል አሳስቧል። ለእጅ ውኃና ሳሙና ወይም አልኮል ያለው ሳኒታይዘር፣ ለቤት ዕቃም ሳሙናና በአግባቡ የተበጠበጠ በረኪና ይበቃል።

ፍሬ ሐሳብ፦ አስቀድሞ በእጅ ያልጸዳን ክፍል መብራት አያጸዳውም።