አስፕሪንና የሴቶች የሳንባ ካንሰር

አስፕሪንን ዘወትር መውሰድ ሴቶችን ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃልን? ጥያቄው በሊቃውንት ዘንድ ተመርምሯል።

በኒው ዮርክ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ አስፕሪንን በሳምንት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ይወስዱ በነበሩት ሴቶች ዘንድ በሽታው አነስ ብሎ መታየቱን ገለጸ። ይሁን እንጂ በጥናቱ የተገኙት ታማሚዎች ከ100 ያነሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሌላው የአሜሪካ ጥናት ግን 40,000 የሚጠጉ ጤነኛ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን አንድ ቀን እየዘለለ 100 ሚሊግራም አስፕሪን፣ ለሌላው መድኃኒትነት የሌለው ክኒን እየሰጠ 10 ዓመት ያህል ተከታተለ። በጠቅላላው የካንሰር ቁጥር ልዩነት አልተገኘም፤ በሳንባ ካንሰር ረገድ ጥቂት ቅናሽ ቢታይም ለምክር የሚበቃ ማረጋገጫ አልሆነም። በአንጻሩ በአስፕሪን ወሳጆቹ ላይ የጨጓራና የአንጀት መድማት በዛ።

ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምትኖር እናት ለሳንባዋ ብላ አስፕሪን የምትውጥበት ምክንያት የለም። ሐኪም ለልብ ሕመም ያዘዘላት ግን በራሷ ፈቃድ አታቋርጥ። የሳንባ ዋነኛ ጠላት የትምባሆ ጢስ ነው፤ ሌላው ሰው የሚያጨሰው ሲጋራም ይጎዳል። የማገዶ ጢስም ስለሚያሰጋ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ማድቤት ጢስ መውጫ ይኑረው።

ስሙም አያሳስተን፤ «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው ተላላፊው ቲቢ ነው፤ ካንሰር ግን አይተላለፍም። ሳል 2 ሳምንት ከቆየ ወይም ደም ከተቀላቀለበት፣ ሕመሙን በአስፕሪን ከማስታገሥ ይልቅ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ይህን ለእናቶች ያስረዱ።