የጠይም ፊት ፎቶግራፍ በጂዛን ፀሐይ

ካሜራ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ አልተለየም፤ የሕክምና ትምህርትም ቢሆን ይህን አመሌን አላስተወኝም። ጂዛን በሰነበትኩበት ጊዜ ሰብያ ገበያ አጠገብ አንድ የአገራችን ልጅ፣ በየመን በኩል በእግሩ ተሻግሮ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ «ለእናቴ የምልከው ፎቶ አንሣኝ» አለኝ። በነጭ ግድግዳ ፊት አቁሜ አነሣሁት። ሲያየው ሣቀና «ጥላ እኮ ነው! እናቴ በምን ትለየኛለች?» አለኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። እንደሚታወቀው የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ ይኸውም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ጀለቢያ ወይም የቀይ ባሕር ነጸብራቅ ሥዕሉን ሲሞላው፣ መለኪያው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የሚጎዳው ጠይም ፊት ነው።

መድኃኒቱ መዳፍ ነው። የመዳፍ ቆዳ ሜላኒኑ አነስተኛ በመሆኑ፣ የፊትን ያህል ከሰው ሰው አይለያይም። መዳፋችሁን ሰውየው በቆመበት ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ ለኩ፤ ከዚያ የሌንሱን ቀዳዳ አንድ ደረጃ ክፈቱ፤ መለኪያው ኤፍ 11 ካለ ኤፍ 8 አድርጉት። በስልክ የምታነሡ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩ። በቀትር ግን ዓይን ጉድጓድ ስለሚመስል፣ ሰውየውን ወደ ጥላ መውሰድ ይሻላል።

የጂዛን ሙቀት እርጥበት አለው። ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣ ሌንስ ወዲያው ላብ ይለብሳል። ስለዚህ ካሜራውን ከመውጣታችሁ በፊት በላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ አሥራችሁ፣ ውጭ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትከፍቱ አቆዩት። የድንበር ኬላና ወታደር ጨርሶ አይነሣም።

በእ.ኤ.አ. 1910 አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲገር፣ በ1946 እና በ1947 በዚሁ በቲሃማ ቆላ አልፏል፤ ፀጉራቸውን መዓዛ ባለው ቅጠል ያስጌጡ ሰዎችንም አይቷል። በየአገሩ ያነሣቸው ወደ 38,000 የሚጠጉ ኔጋቲቮች ዛሬ ኦክስፎርድ በሚገኘው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል። የእኛ ልጅ ግን ፎቶውን የፈለገው ለሙዚየም አልነበረም።

ወደ ጥላ ወስጄ፣ በመዳፌ ለክቼ እንደገና አነሣሁት። አየና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ጣቱን ከትከሻው በላይ ወደሚታየው የሱቅ ስም አመለከተ፤ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ጠጋ ብዬ ፊቱን ብቻ አነሣሁ፤ የፊተኞቹን ሁለቱንም እያየኝ አጠፋኋቸው። ለእናቱ የላከው ሦስተኛውን ነው።