የአቧራ ነፋስና የቤተሰብ ጤና

በሐደራ ገበያ የሚሸምት ሰው አንዳንድ ቀን ሰማዩ ቢጫ ሲሆንና በቲማቲሙና በብርቱካኑ ላይ ስስ አቧራ ሲያርፍ ይመለከታል። ሐደራ በሜዲትራኒያን ባሕር አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ በረሃው ከእርሷ ሩቅ ነው። ታዲያ ይህ አቧራ ከወዴት መጣ?

በበረሃ ላይ ነጎድጓዳማ ደመና ሲዘንብ፣ ጠብታው ብዙውን ጊዜ ምድር ሳይደርስ በደረቁ አየር ውስጥ ይተናል። በዚህ ጊዜ አየሩ ቀዝቅዞ ይከብዳል፤ ከብዶም በኃይል ቁልቁል ይወርድና መሬት ሲነካ እንደ ፈሰሰ ውኃ በየአቅጣጫው ይሮጣል። ያገኘውንም ደቃቅ አፈር አንሥቶ እንደ ግድግዳ ያቆመዋል። ሱዳኖች ይህን ነፋስ ሀቡብ ይሉታል፤ በ1984 በሱዳን በኩል የመጡ ወገኖቻችን ሳያውቁት አይቀሩም። በሴፕቴምበር 2015 በሶርያ ምድር ከነጎድጓዳማ ደመና የወረደ ነፋስ ያነሣው አቧራ እስራኤልን ለብዙ ቀናት ሸፍኗት ነበር። በጸደይ ወራት ደግሞ ያለ ነጎድጓድም ከሰሐራ በረሃ አቧራ ይመጣል።

ሻካራው አቧራ በአፍንጫ ይቀራል። የሚጎዳው ዓይን የማያየው፣ እስከ ሳንባ ጥልቀት የሚዘልቀው ነው። ስለዚህ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና አረጋዊ በዚያ ቀን ከቤት ባይወጡ ይመረጣል፤ ገበያው ነገም አለ። በኩፓት ሆሊም ሐኪም የታዘዘላችሁን የአስም መድኃኒት፣ ደኅና ነን ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ማስጠንቀቂያውን በአማርኛው የራዲዮ ስርጭት ተከታተሉ። በረንዳ ላይ የተሰጣ በርበሬ ካለ አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ከገበያ የመጣውንም አትክልት በሚፈስ ውኃ እጠቡ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ አቧራውን መልሶ ያስነሣዋልና በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት።

መስኮት መዝጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። በአገር ቤት ቡና የምናፈላበት ጎጆ ጭሱን በሣሩ ክዳን በኩል ያስወጣ ነበር። የዛሬው ቤት ግን በሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ አየር በሚገባ አይዘዋወርም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከሰል ቢነድድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ይሞላዋል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ። ዕጣኑም ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ጭሱ ለአስም በሽተኛ ከአቧራው አያንስም።

ከሰል ተቀጣጥሎ ሳለ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው፣ አቧራውን ሳትፈሩ መስኮቱን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ። ከዚያም ወደ ማገን ዳዊድ አዶም በ101 ደውሉ። የአስም መድኃኒት ወስዶ ትንፋሹ ያልተመለሰለት፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም መናገር ያቃተው ሰው ቢኖርም በዚሁ ቁጥር ያለ መዘግየት ደውሉ።