ቅጠሉን መድኃኒት የሚያደርገው እጃችን ነው
የመድኃኒት ዕፀዋትን በጓሮ ለማልማት፣ ለመሰብሰብና ለማዘጋጀት የተሰጠ የኤክስቴንሽን ምክር

ለማን፦ በወይና ደጋና በደጋ ለሚኖሩ አርሶ አደሮች፣ በተለይም ጓሮ ለሚያለሙ እናቶችና ወጣቶች



«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ አባቶች። የጓሯችን ቅጠልም ዕጣው ይኸው ነው። ጤና አዳሙ ቡና ሲፈላ፣ ዳማከሴው ምች ሲመታን፣ ኮሰረቱ ቅቤ ሲነጠር ይታወሳል። በቀረው ጊዜ ፍየል ይግጠዋል፣ እጣቢ ይደፋበታል፤ ሲደርቅብን ደግሞ ገበያ ወጥተን እንገዛዋለን። ገበያ ላይ የምናገኘው ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ ያነጣው፣ አቧራ የጠጣና መቼ እንደተቆረጠ የማይታወቅ ነው።

በምሠራበት ቀበሌ አንዲት እናት ያለሙትን ጦስኝ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አስጥተው አገኘኋቸው። ሦስት ቀን የከረመው ቅጠል ገለባ መስሏል። አሽቼ ባሸተው ምንም አይሸትም። «እማማ፣ ሽታው የት ሄደ?» ብላቸው «ፀሐይ በላው ልጄ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የጦስኝ፣ የበሶብላና የዳማከሴ ጉልበት ያለው ሽታቸውን በሚሰጠው ዘይት ውስጥ ነው፤ ያ ዘይት ደግሞ በሙቀት ተንኖ ይጠፋል። እኚህ እናት አልምተዋል፣ ኮትኩተዋል፣ ውኃ አጠጥተዋል፤ የአንድ ዓመት ልፋታቸው ግን በሦስት ቀን ተነነ።

ስለዚህ የዚህ ምክር ዋና ነገር ይህ ነው፦ መትከል ግማሹ ሥራ ነው። ቅጠሉን መድኃኒት የሚያደርገው በሰዓቱ መቁረጥ፣ በጥላ ማድረቅና በልኩ መጠቀም ነው።

1. ምን እንትከል?

ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጀምሩ። ቤተሰባችሁ የሚያውቀውንና የሚጠቀምበትን ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ምረጡ።

ጤና አዳም፦ ውኃ የማይቋጥር አፈርና ሙሉ ፀሐይ ይወዳል። በዘርም በቁራጭ ቅርንጫፍም ይራባል፤ በአግባቡ ከተያዘ ለዓመታት ይቆያል። በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ የምናየው የቢራቢሮ አባጨጓሬ ጤና አዳምንም ይበላል። ጠዋት ጠዋት እያያችሁ በእጅ ልቀሙት እንጂ መድኃኒት አትርጩበት፤ የምትረጩትን ራሳችሁ ትጠጡታላችሁና።

ዳማከሴ፦ እርጥበት የማይለየውና ከፊል ጥላ ያለው ቦታ ይስማማዋል። ከቁራጭ በቀላሉ ይበቅላል። በዓመት አንድ ጊዜ ካልተገረዘ ግንዱ ይጠነክራል፣ ቅጠሉም ያንሳል።

ጦስኝ፦ የደጋ ተክል ነው። በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በባሌና በሌሎች ከፍተኛ ቦታዎች በዱር ይበቅላል። ብዙ ሰብሳቢዎች ከነሥሩ እየነቀሉ ስለሚሸጡት በየተራራው እየሳሳ ነው። በጓሮ ስናለማው ተራራውንም እናሳርፋለን። ድንጋያማ ወይም አሸዋ የቀላቀለ አፈር፣ ከፍ ያለ መደብና ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። መሬት ነክቶ ሥር ያወጣውን ቅርንጫፍ ከነሥሩ ለይቶ መትከል ከዘር ይቀላል።

ኮሰረት፦ የወይና ደጋ ተክል ነው። ከቁራጭ ይራባል፤ በተክልና በተክል መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉለት።

በሶብላ፦ በየዓመቱ በዘር የሚዘራ ነው። ዝናብ ሲይዝ ይዘራል፣ አበባው ሲፈነዳ ከነአበባው ይሰበሰባል። ከእያንዳንዱ መደብ ጠንካራ የሆኑትን ጥቂት ተክሎች ሳትቆርጡ ለዘር አስቀሩ።

ጠጅ ሳር፦ ሙቀት ይወዳል፣ ውርጭ አይችልም። ቁጥቋጦውን ከሥሩ ከፋፍላችሁ ትተክሉታላችሁ። በእርከን ጠርዝ ብትተክሉት አፈሩንም ይይዝላችኋል።

ጥሩ መነሻ ተክል ያጣ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቅ። በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፀዋት ላይ ከሚሠሩት የአገራችን ተቋማት አንዱ የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

2. ቦታና አፈር

የመድኃኒት መደብ ከመጸዳጃ ቤት፣ ከበረት ፍሳሽ፣ ከመኪና መንገድና ፀረ ተባይ ከሚረጭበት ማሳ መራቅ አለበት። ለማድ ቤት ቅርብ ቢሆን ይመረጣል፤ ቅርብ የሆነ ተክል ውኃም ዓይንም ያገኛል። ፍየልና ዶሮ እንዳይገቡ እጠሩት።

መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉ። የበሰለ ኮምፖስት ወይም የበሰበሰ ፍግ ጨምሩ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ለሚጠጣ ቅጠልም ንጹሕ አይደለም። ማዳበሪያ ማብዛትም አይጠቅምም፤ ተክሉ በቅጠል ይንዠረገጋል እንጂ ሽታው ይደክማል።

3. ከቁራጭ ችግኝ ማዘጋጀት

ይህ ለጤና አዳም፣ ለዳማከሴና ለኮሰረት ይሠራል።

– ጤነኛና ያላበበ ቅርንጫፍ ምረጡ። በጣም ለጋ ይጠወልጋል፣ በጣም የደረቀ ሥር አያወጣም፤ መካከለኛውን ውሰዱ።
– ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከአንጓ በታች በስለታም ቢላ ቁረጡ።
– የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፤ ከላይ 3 ወይም 4 ቅጠል ይበቃል።
– 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስትና 1 እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ በችግኝ ፕላስቲክ ሙሉ። ቁራጩን እስከ ግማሹ ቅበሩ፣ ዙሪያውን ጠቅጠቅ አድርጉ።
– ዳስ ሠርታችሁ በጥላ ሥር አስቀምጡ። አፈሩ እንዳይደርቅም እንዳይጨቀይም ተከታተሉ።
– አዲስ ቅጠል አውጥቶ፣ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት አልነቀል ካለ ሥር ይዟል። ከዚያ በኋላ ጥላውን ቀስ በቀስ አሳሱለት።

4. አቆራረጥ

ሰዓቱ፦ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ጤዛ ያለበት ቅጠል ይሻግታል፤ የቀትር ፀሐይ ያገኘው ደግሞ ዘይቱን ጥሏል።

ጊዜው፦ ቅጠላቸውን የምንጠቀምባቸውን ተክሎች አበባ ሊፈነዳ ሲል መቁረጥ ይመረጣል።

መጠኑ፦ ባንድ ጊዜ ከተክሉ ሲሶውን ብቻ ውሰዱ፤ የቀረው መልሶ እንዲያቆጠቁጥ ነው። ጠጅ ሳርን ከመሬት አንድ እጅ ያህል ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ። ጦስኝን በማጭድ ከላይ ቁረጡ፣ በፍጹም አትንቀሉ።

የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲመታው ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ ወይም እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ፤ ወዲያውም በሳሙና ታጠቡ። ልጆችን አታሠሩ።

በአጥር ጥግ የሚበቅለው ዕፀ ፋርስ፣ በሌላ ስሙ አስተናግር፣ መርዝ ነው። ቅጠሉ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ከተጠጣ ሰው ያሳብዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ከመደባችሁ አጠገብ ስታዩት ነቅላችሁ ቅበሩት። የማታውቁትን ቅጠል «ይመስላል» ብላችሁ አትሰብስቡ።

5. አደራረቅ

– ያጨዳችሁትን በዚያው ቀን ማድረቅ ጀምሩ። ተከምሮ ያደረ ቅጠል ይሞቃል፣ ይጠቁራል።
– የታመመውንና ቢጫውን ልቀሙ። አቧራ ካለው በንጹሕ ውኃ ለቅልቃችሁ አራግፉት።
– በጥላና ነፋስ በሚገባበት ቦታ ሰሌን፣ ሰፌድ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡ። ረጃጅሙን በትንንሽ እስር አስራችሁ ገልብጣችሁ መስቀልም ይቻላል።
– በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አገላብጡ። የምድጃ ጢስ አይድረሰው፤ ማታ ወደ ቤት አስገቡ።
– እንደ አየሩ ሁኔታ ከ4 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ከተፈረፈረ፣ ዘንጉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከተልመጠመጠ ይቆይ።

ከ4 እስከ 5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ ይወጣዋል። ስትተክሉ ይህን አስቡ።

6. አቀማመጥ

በደንብ የታጠበና የደረቀ፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ ወይም ሸክላ ዕቃ ተጠቀሙ። የፀረ ተባይ ወይም የማዳበሪያ ዕቃ ቢታጠብም አይሆንም። ቅጠሉን ሳታደቁ አስቀምጡ፤ የሚደቀው በሚፈለግበት ቀን ነው። የተክሉን ስምና የታጨደበትን ወር ጽፋችሁ ለጥፉ። ጨለማና ደረቅ ቦታ ይሁን። አንድ ዓመት ያለፈውን ወደ ኮምፖስት ጨምሩት፤ የሻገተውንም ያለ ርኅራኄ ጣሉት።

7. አዘገጃጀት

ለቅጠል፦ ለአንድ ስኒ የፈላ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል ጨምሩ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከድናችሁ አቆዩ፣ አጥልላችሁ ጠጡ። ክዳኑን አትርሱ፤ በእንፋሎት የሚወጣው ያ የምንፈልገው ዘይት ነው። ጦስኝንና ጠጅ ሳርን እንዲህ አዘጋጁ እንጂ እሳት ላይ ጥዳችሁ አታንተክትኩ።

ለሥር፦ ዝንጅብልን ቀጥቅጣችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀቅሉ። ሥር ጠንካራ ስለሆነ በፈላ ውኃ ብቻ ጉልበቱን አይሰጥም።

ለዳማከሴ፦ ትኩስ ቅጠሉን አጥባችሁ፣ በንጹሕ እጅ አሽታችሁ ማሽተትና ገላ ላይ መቀባት የቆየ ልማዳችን ነው። ጭማቂውን ዓይን ውስጥ፣ ወይም በሕፃን አፍንጫ ውስጥ አታንጠባጥቡ።

የተዘጋጀውን በዚያው ቀን ጨርሱ፤ ያደረውን ድፉ።

8. ድንበሩን እንወቅ

ቅጠል ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው።

ነፍሰ ጡሮች፦ ጤና አዳም ማሕፀን ያነቃቃል፣ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡር እናት በመድኃኒትነት አትጠጣው።

ሕፃናት፦ ለሆድ ቁርጠት ተብሎ ለጨቅላ ጤና አዳም የተነከረበት ውኃ መስጠት በየቤቱ አለ። ይቅር። እስከ 6 ወር የሕፃን ምግቡም መጠጡም የእናቱ ጡት ብቻ ነው።

ኮሶና እንቆቆ፦ በመጠን ከበዙ ይመርዛሉ፤ ኮሶ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ለትል በጤና ኬላ ልኩ የታወቀ ክኒን አለ።

ወባ፦ አርቲሚሲያ ከሚባለው ተክል የወባ መድኃኒት መሠራቱ እውነት ነው። የቅጠሉ ሻይ ግን በሽታውን ለማዳን የሚበቃ የታወቀ ልክ የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለሕክምናም ለመከላከልም አይመክረውም። የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ሲይዛችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ።

የሐኪም መድኃኒት የሚወስድ ሰው፦ በተለይ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው፣ የሚጠጣውን ቅጠል ለሐኪሙ ይንገር። ነጭ ሽንኩርትም ሲበዛ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል።

ከፍተኛ ትኩሳት፣ የመተንፈስ ችግር፣ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ራስን መሳት ሲታይ ቅጠል አትሞክሩ፤ ታማሚውን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

9. የሥራ ወቅት

ግንቦት፦ ቁራጭ መትከል፣ መደብ ማዘጋጀት።
ሰኔና ሐምሌ፦ በሶብላ መዝራት፣ ሥር የያዘ ችግኝ ወደ መደብ ማዛወር።
ነሐሴ፦ ማረም፣ ውኃ የሚተኛበትን ማፋሰስ። ለማድረቅ አትጨዱ፤ በክረምት እርጥበት ይሻግታል።
ጥቅምትና ኅዳር፦ አበባቸውን እያያችሁ ዋናውን አጨዳ ማካሄድና ማድረቅ።
ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፦ ውኃ ማጠጣት፤ ካቆጠቆጠ ሁለተኛ አጨዳ።

እኚያ እናት በተከታዩ ኅዳር ጦስኛቸውን ከጎተራው ጥላ ሥር ሰፌድ ላይ አሰጡት። በሳምንቱ ስሄድ የማሰሮውን ክዳን ከፍተው አንዲት ቁንጥር መዳፌ ላይ አደረጉልኝና «እሽው» አሉኝ። አሸሁት፤ ቤቱን አወደው። እናንተም ማሰሮአችሁን ከመክደናችሁ በፊት አንዲት ቁንጥር አሽታችሁ አሽትቱ። የሚሸት ከሆነ ልፋታችሁ በውስጡ አለ።