በጣት የሚነበብ ትምህርት፦ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ሥነ ተዋልዶ ጤናን ማስተማር

«ሥዕሉን ተመልከቱ» የሚለው ትእዛዝ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ተደጋግሞ ይሰማል። ማየት የሚችል ተማሪ የማኅፀንን ቅርጽና የወር አበባን ዑደት ከሥዕሉ ይረዳል፤ ማየት የተሳነው ግን ትእዛዙን ብቻ ሰምቶ ይወጣል። ጉዳቱ በፈተና ውጤት አያበቃም። የአካሏን ክፍሎች በስማቸው የማታውቅ ልጃገረድ የደረሰባትን ጥቃት ለሐኪምም ሆነ ለፖሊስ ለማስረዳት ትቸገራለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 25፣ ሥነ ተዋልዶ ጤናን በስም ጠቅሶ አገልግሎቱ ከሌሎች እኩል እንዲዳረሳቸው ይደነግጋል።

ለመሆኑ ፊዚክስ በዚህ ምን አገባው? መልሱ የመለኪያ ጉዳይ ነው።

የጣት አቅምና መጠን

የጣት ጫፍ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ያውቃል። የብሬይል ነጥቦች 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ መራራቃቸው ከዚህ አቅም ጋር ይስማማል። እንቁላል ሴል ግን 0.1 ሚሊ ሜትር፣ የወንዴ ዘር ሴል ደግሞ ከነጅራቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ናቸው። 1000 ጊዜ ብናጎላቸው የመጀመሪያው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጨርቅ ኳስ፣ ሁለተኛው አንድ ፍሬ ምስርና 5 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ክር ይሆናሉ።

ማኅፀን በአንጻሩ በእውነተኛ መጠኑ፣ ማለትም በ7.5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከሸክላ ጭቃ ሊሠራ ይችላል፤ ቅርጹ የተዘቀዘቀ ትንሽ አቮካዶ ይመስላል። እዚህ ላይ መምህሩ ይጠንቀቅ፤ የጉላቱን ልክ ካልተናገረ ተማሪው እንቁላሉ ከማኅፀኑ ይበልጣል ብሎ ይረዳል።

ከመቱ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው የኢሉባቦሯ ቡሬ የሚያስተምር መምህር ለዚህ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ሞዴል መጠበቅ አያሻውም። ጭቃ፣ ክርና ምስር ከደጁ አሉ።

ዑደቱን መዳሰስ

የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የዑደት መቁጠሪያ 32 ዶቃዎች አሉት። ቀይዋ የወር አበባ የሚጀምርበትን ቀን፣ ነጮቹ እርግዝና ሊፈጠር የሚችልባቸውን ከ8ኛው እስከ 19ኛው ያሉ ቀናት ያመለክታሉ። ቀለም ለጣት ትርጉም የለውምና አንድ ትልቅ፣ 6 ለስላሳ፣ 12 ሻካራ፣ ቀጥሎም 13 ለስላሳ ዶቃዎችን በክር መሰካት ይበቃል። ዘዴው የሚሠራው ዑደታቸው ከ26 እስከ 32 ቀናት ለሆነ ሴቶች ሲሆን ከኤች አይ ቪ አይከላከልም፤ ይህም አብሮ ይነገር።

ፈቃድና ምሥጢር

መዳሰስ የዕውቀት መንገድ ነው፤ የጥቃትም መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መምህሩ የተማሪውን እጅ ይዞ አይጎትት፤ ፈቃድ ጠይቆ የራሱን እጅ ከሥር ያድርግና ተማሪው ይከተለው። «እምቢ» ማለት መምህርንም እንደሚጨምር በግልጽ ይነገር።

የእርግዝና መመርመሪያ ውጤት በመስመር፣ የኮንዶም ማብቂያ ቀን በቀለም የሚታዩ በመሆናቸው አንባቢ ይሻሉ። የኮንዶሙ ማሸጊያ አየር መያዙን ጣት ይመረምራል፤ ቀኑን ግን አይነግርም። እንግዲህ ምሥጢር ጠባቂ አንባቢን አስቀድሞ መምረጥ የትምህርቱ አንድ ክፍል ሊሆን ይገባል እንላለን።